ከበረዶ ሸሽቶ በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ መክረም

በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሲጠና፣ በርካታ ካናዳውያንና የሰሜን ግዛቶች አሜሪካውያን ቤታቸውን ቆልፈው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። ብርድ ሲመጣ ሄደው ብርዱ ሲያልፍ ስለሚመለሱ በአገራቸው “የበረዶ ወፎች” ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ቤታቸውን በጎማ ላይ ይዘው የሚጓዙ አሉ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው ይህ ተሽከርካሪ በእንግሊዝኛው ምህጻር አርቪ ይባላል። ብዙዎቹ አሪዞና፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ሲደርሱ ይቆማሉ። የቀሩት ድንበሩን ተሻግረው ከኅዳር እስከ መጋቢት በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ይከርማሉ።

ወደዚያ የሚስባቸው ሙቀቱና የኑሮው ርካሽነት ነው። በጡረታ ገቢ ከማዕበሉ ጥቂት እርምጃ ርቆ ወራት መቀመጥ በአሜሪካ ዳርቻዎች ለብዙ ሰው የማይታሰብ ነው፤ በሜክሲኮ ግን ይቻላል። ይሁንና ነጻ የሚመስለው ይህ ኑሮ ያለ ዝግጅት አይሆንም። ውሃን በሊትር፣ መብራትን በዋት መቁጠርን ይጠይቃል፤ የመንገዱን ጠባይ ማወቅን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባለአገሩን መሬትና ባሕር እንደ ጥሩ እንግዳ መጠበቅን ይፈልጋል።

ባሃ ካሊፎርኒያና መንገዱ

ለድንበሩ ከሚቀርቡት የመክረሚያ ቦታዎች አንዱ ከአሪዞና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሶኖራ ግዛት የሚገኘው ፑዌርቶ ፔኛስኮ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ሳን ካርሎስ፣ ማሳትላን እና በናያሪት ግዛት ያለው ሪንኮን ዴ ጉዋያቢቶስ የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ለዚህ ኑሮ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ባሃ ካሊፎርኒያ ነው። ይህ ከአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ቀጥሎ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ የሚወርድ ቀጭን ልሳነ ምድር ነው። በምዕራቡ ቀዝቃዛው ሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በምሥራቁ የኮርቴዝ ባሕር ተብሎም የሚጠራው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። መሃሉ ተራራና ቁልቋል የበዛበት በረሃ ነው።

እስከ 1973 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ልሳነ ምድሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ በአቧራና በድንጋይ መካከል የሚደረግ፣ ጎማና ባሌስትራ የሚጨርስ ጉዞ ነበር። በዚያ ዓመት ከቲኋና እስከ ካቦ ሳን ሉካስ 1,711 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የፌዴራል አውራ ጎዳና ቁጥር 1 በአስፋልት ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ተራ አሽከርካሪም ቤቱን ይዞ እስከ ደቡቡ ጫፍ መድረስ ቻለ።

ቤትን ከመኪና ኋላ አስሮ ወደ ሜክሲኮ መውረድ ግን ከአስፋልቱ ይቀድማል። ኤርስትሪም የተባለውን የአልሙኒየም ተጎታች ቤት የሚያመርተው ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም በ1951 ደንበኞቹን አሰልፎ ከቴክሳስ ድንበር ተነሳ፤ ሜክሲኮንና መካከለኛው አሜሪካን አቋርጦም ወደ ኒካራጉዋ አመራ። መንገዱ ክፉ ስለነበር ብዙዎቹ ተጓዦች መሃል ላይ ቀርተዋል። ይኸው ሰው በ1959 41 ተጎታች ቤቶችን አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ ኢትዮጵያንም አቋርጧል፤ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋርም ተገናኝቷል። በሰልፍ የመጓዝ ልማድ ዛሬም አልቀረም። ባሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ብዙ ሰዎች መንገዱን ከሚያውቅ መሪ ኋላ ተከታትለው ይወርዳሉ፤ አንዱ ሲበላሽበት ሌሎቹ ቆመው ይረዱታል።

ለዚህ ጉዞ የሚመረጠው ተሽከርካሪ እንደየሰው ይለያያል። አውቶቡስ የሚያህለው ሞተርሆም ሰፊ ሳሎንና ትልቅ ታንከር አለው፤ ነገር ግን በጠባቡ መንገድ ያስጨንቃል፣ ወደ ዳርቻው የሚወርደውን ኮረኮንችም አይደፍርም። ተጎታች ቤት ያለው ሰው ቤቱን አቁሞ ከፈታው በኋላ መኪናውን ብቻ ይዞ ገበያ ይሄዳል። በፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚጫነው ትንሽ ክፍልና እንደ ሚኒባስ ያለው አርቪ ጠበብ ቢሉም አሸዋና አቀበት አይበግራቸውም። አሸዋ ላይ የሚገባ አሽከርካሪ የጎማውን አየር ቀነስ ያደርጋል፤ ጎማው ሰፍቶ ስለሚይዝ አይሰምጥም።

ድንበርና ወረቀት

ወደ ሜክሲኮ የሚገባ ጎብኚ ፓስፖርቱን አሳይቶ እስከ 180 ቀን የሚያስቆይ የጎብኚ ፈቃድ ይወስዳል። የቀኑን ብዛት የሚወስነው የድንበሩ ሹም ስለሆነ፣ ሙሉውን ወቅት የሚከርም ሰው ይህንኑ አስታውቆ የተጻፈለትን ቀን እዚያው ማየት አለበት።

የተሽከርካሪው ጉዳይ እንደሚሄድበት ቦታ ይለያያል። ለባሃ ልሳነ ምድርና ለሶኖራ ሰሜናዊ ክፍል ተሽከርካሪን ለማስገባት ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም። ወደ ዋናው የሜክሲኮ ምድር የሚዘልቅ ግን ባንሄርሲቶ ከተባለው የጦር ሠራዊቱ ባንክ ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው። ተራ መኪና ከባለቤቱ የቆይታ ጊዜ ጋር የሚያልቅ ፈቃድ ሲሰጠው፣ ሞተርሆም እስከ 10 ዓመት የሚያገለግል ያገኛል።

ኢንሹራንሱም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ ወይም የካናዳ የሦስተኛ ወገን መድን በሜክሲኮ ሕግ ፊት አይቆጠርም፤ በሜክሲኮ የሚሠራ ፖሊሲ መግዛት የግድ ነው። ሰው የተጎዳበት አደጋ ሲደርስ ካሳውን የሚሸፍን ዋስትና የሌለው አሽከርካሪ ጉዳዩ እስኪጣራ ሊታሰር ይችላል። የጦር መሣሪያ ይዞ መግባት ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ጥይት እንኳ መዘዝ ያመጣል። ስለዚህ አደን የሚወዱ ተጓዦች ከመነሳታቸው በፊት ተሽከርካሪያቸውን ጥግ ድረስ ይፈትሻሉ።

በመንገድ ላይ

አውራ ጎዳና ቁጥር 1 በብዙ ቦታ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ያለው፣ ትከሻ የሌለው ጠባብ መንገድ ነው። ሁለት ከባድ ተሽከርካሪዎች ሲተላለፉ መስተዋቶቻቸው ሊነካኩ ይደርሳሉ። ብዙ አሽከርካሪዎች ወደ ውስጥ የሚታጠፍ መስተዋት የሚያስገጥሙት ለዚህ ነው። አጥር በሌለው በረሃ ከብቶች ሲመሽ አስፋልቱ ላይ ስለሚገኙ በሌሊት አለመንዳት እንደ ሕግ ይያዛል።

በሜክሲኮ ገጠር መንገድ ከፊት ያለው ከባድ መኪና የግራ ፍሬቻ ካሳየ “መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፈኝ” ማለቱ ሊሆን ይችላል። ያው ምልክት ወደ ግራ ልታጠፍ ነው ማለትም ስለሚሆን፣ ዝም ብሎ አምኖ መቅደም ሕይወት ያስከፍላል። በየመንደሩ መግቢያ ቶፔ የተባሉ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ። አንዳንዶቹ ቀለም የላቸውም፤ በፍጥነት የደረሰባቸው አርቪ በቁም ሳጥኑ ያለውን ሳህን ሁሉ ወለሉ ላይ ያፈሳል።

ነዳጅ ማደያ ላይ የሚደርስ አንድ ስህተት አለ። በአሜሪካ ብዙ ማደያዎች አረንጓዴ እጀታ ያለው ቧንቧ ናፍጣ ይቀዳል፤ በሜክሲኮ ግን አረንጓዴው ተራ ቤንዚን ሲሆን ናፍጣው ጥቁር ነው። ከልማዱ የተነሳ አረንጓዴውን የሚያስቀዳ የናፍጣ ሞተር ባለቤት ሞተሩን ያበላሻል። ከኤል ሮሳሪዮ ወደ ደቡብ ደግሞ አስተማማኝ ማደያ የሌለበት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን በረሃ አለ። መሃሉ ላይ ካታቪኛ በተባለች ትንሽ ሰፈር ሰዎች ከበርሜል ቀድተው ቤንዚን ይሸጣሉ፤ ሆኖም ልማድ ያላቸው ተጓዦች ኤል ሮሳሪዮ ላይ ሞልተው ይነሳሉ።

ከ1960 ጀምሮ የሚሠሩት “አረንጓዴ መላእክት” የተባሉ የመንግሥት መካኒኮች አውራ ጎዳናዎችን እየዞሩ የተበላሸ ተሽከርካሪ ይረዳሉ። ለጉልበታቸው አያስከፍሉም፤ ባለቤቱ የሚከፍለው የመለዋወጫና የነዳጅ ዋጋ ብቻ ነው። ወታደሮች የሚፈትሹባቸው ኬላዎችም በመንገዱ ላይ አሉ። 28ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ጉዌሬሮ ኔግሮ አጠገብ ልሳነ ምድሩን የሚካፈሉት የሁለቱ ግዛቶች ወሰን ይገኛል። እዚያ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ይቆጠራል፤ የተክል በሽታ እንዳይዛመት ሲባልም አንዳንድ ፍራፍሬዎች ይወሰዳሉ።

የኮንሴፕሲዮን ባሕረ ሰላጤ

የባሃ ዳርቻ ሠፈሮች ምን እንደሚመስሉ ለማየት ከሙሌሄ ከተማ በስተደቡብ ያለው የኮንሴፕሲዮን ባሕረ ሰላጤ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሙሌሄ በ1705 የተመሠረተ የኢየሱሳውያን ሚስዮን የነበረባት፣ በተምር ዛፎች የተሞላ የወንዝ ሸለቆ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ከእርሷ ጥቂት ወጣ ሲባል መንገዱ ከተራራ ወደ ባሕሩ ይወርድና ዳርቻዎቹ በተርታ ይገለጣሉ፦ ሳንቲስፓክ፣ ኤል ቡሮ፣ ኤል ኮዮቴ፣ ኤል ሬኬሶን። ባሕሩ በሦስት ወገን በየብስ ስለተከበበ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ያለና ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ኤል ሬኬሶን ላይ ባሕሩ ሲሸሽ የአሸዋ መሻገሪያ ይወጣና ፊት ለፊት ካለችው ደሴት በእግር ይደረሳል። ሳንቲስፓክ ላይ ከማንግሮቭ ቁጥቋጦ ሥር ትንሽ ፍል ውሃ አለች።

በእነዚህ ዳርቻዎች ላይ አርቪው ከውሃው ፊት ለፊት ይቆማል። ከጎኑ ፓላፓ የተባለ፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የዘንባባ ቅጠል የተከደነበት ዳስ ይኖራል፤ ጥላ የሚሰጠው፣ ከነፋስም የሚጋርደው እርሱ ነው። ኤሌክትሪክም የቧንቧ ውሃም የለም። መጸዳጃው የጉድጓድ ነው። ቀን ቀን ገንዘብ ሰብሳቢው እየዞረ የቀኑን ሒሳብ በጥሬ ፔሶ ይቀበላል። ውሃ፣ አትክልት፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕና ታማሌ የተባለ ትኩስ የበቆሎ ምግብ በመኪና ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ከአንዱ አርቪ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ይሸጣሉ። ገበያው ደጃፍ ድረስ ስለሚመጣ ብዙ ከራሚ ሳምንት ሙሉ መኪናውን ሳያስነሳ ይቆያል።

ኤሌክትሪክ፣ ውሃና የፍሳሽ ማስወገጃ የሚያቀርቡ የተደራጁ ማቆሚያዎች በከተሞቹ አሉ። ክፍያቸው ከዳርቻው ይበልጣል። ብዙ ሰዎች ሁለቱን ያፈራርቃሉ፤ ዳርቻው ላይ ሰንብተው ወደ ከተማው ማቆሚያ ይገባሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ታንከራቸውን ሞልተው ፍሳሹን ደፍተው ይመለሳሉ።

ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ

ዳርቻው ላይ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው የታንከሩ መጠን ነው። አርቪ ሦስት ታንከር አለው፦ አንዱ ለንጹህ ውሃ፣ አንዱ ለዕቃና ለገላ እጣቢ፣ አንዱ ለመጸዳጃ። 240 ሊትር ንጹህ ውሃ የሚይዝ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በቀን 30 ሊትር ከተጠቀሙ ስምንት ቀን ይበቃቸዋል። ይህ የሚሆነው ገላን ሲታጠቡ ቧንቧውን ለማርጠብና ለማለቅለቅ ብቻ እየከፈቱ፣ ሳህኑን ከማጠብ በፊት በወረቀት እየጠረጉ ከኖሩ ነው። በከተማ ቤት እንደለመደው ቧንቧ ለቅቆ የሚታጠብ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። የሚጠጣው ውሃ ለብቻው በትልልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይገዛል።

መብራቱ የሚገኘው ከፀሐይ ነው፤ በረሃው ደግሞ ፀሐይ አይነሳም። በክረምት 400 ዋት የሚያመነጩ ሶላር ሰሌዳዎች አምስት ያህል ጥሩ የፀሐይ ሰዓት ካገኙ በስሌት 2,000 ዋት ሰዓት ይሰጣሉ፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 1,500 ገደማ ይቀራል። ይህ ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለውሃ ፓምፕና ለትንሽ ማቀዝቀዣ ይበቃል። ለአየር ማቀዝቀዣ ግን አይበቃም። ባትሪው ላይም ልዩነት አለ። 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ በወረቀት ላይ 2,400 ዋት ሰዓት ቢሆንም፣ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር የሚጠቅመው 1,200ው ነው። ሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ይዘቱን ስለሚሰጥ፣ ዋጋው ቢወደድም በዳርቻ የሚከርሙ ሰዎች ወደ እርሱ እየዞሩ ነው። ለምድጃና ለማሞቂያ የሚያገለግለው የጋዝ ሲሊንደር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ፍሳሹ ነው። የመጸዳጃውን ታንከር አሸዋ ላይ መድፋት ነውርም ጥፋትም ነው፤ በዚያ ዳርቻ ልጆች ይዋኛሉ፣ ዓሣ አጥማጆችም ከዚያው ባሕር ይበላሉ። አንዳንዶች ለታንከሩ ሽታ የሚጨምሩት ፎርማልዴሃይድ ያለው ኬሚካል ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይገድላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ከራሚዎች ጉዳት የሌለውን ዓይነት ይመርጣሉ፤ በካሴት መልክ የሚወጣ ትንሽ መጸዳጃ ያላቸውም በየጊዜው ወስደው ተገቢው ቦታ ይደፋሉ። በበረሃ ቆሻሻ ማንሻ ሥርዓቱ ደካማ ስለሆነ ደረቁንም ቆሻሻ ወደ ከተማ ይዞ መመለስ የተለመደ ነው።

ነፋሱና ባሕሩ

የክረምቱ ቀን ሙቀት በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ብዙውን ጊዜ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አልፎ ይውላል፤ ሌሊቱ ግን ሹራብ ያስለብሳል። ትልቁ ፈተና ኤል ኖርቴ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ነው። በአሜሪካ በረሃማ ደጋ ላይ ከባድ ቀዝቃዛ አየር ሲከማች በባሕረ ሰላጤው ቦይ ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ አንዳንዴ ለተከታታይ ቀናት ሳይቆም ይነፍሳል። ጃንጥላና ታጣፊ ዳስ ይገነጥላል፣ አሸዋን በየቀዳዳው ያስገባል። ይኸው ነፋስ በደቡብ ያሉትን ሎስ ባሪሌስንና ላ ቬንታናን በነፋስ ኃይል ባሕር ላይ ለሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ተመራጭ አድርጓቸዋል።

ከጥር እስከ መጋቢት ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ አካባቢ ባሕር ተነስተው ወደ ባሃ ምዕራብ ይወርዳሉ፤ ኦሆ ዴ ሊዬብሬና ሳን ኢግናሲዮ በተባሉት ሐይቅ መሳይ ሰርጦች ግልገሎቻቸውን ይወልዳሉ። ሁለቱ ሰርጦች በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ጎብኚ የሚያያቸው ፈቃድ ያላቸው የአካባቢው ጀልባ ነጂዎች ሲወስዱት ነው። የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ደሴቶችም በ2005 ተመዝግበው ነበር፤ ቫኪታ የተባለችው ትንሿ የባሕር አጥቢ ልትጠፋ በመቃረቧ ከ2019 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ዓሣ ማጥመድም ገደብ አለው። ከየብስ ሆኖ በመንጠቆ ለማጥመድ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከጀልባ ላይ ግን ይጠየቃል። የባሕር ኤሊና ቶቶዋባ የተባለው ዓሣ ፈጽሞ አይነኩም፤ ሎብስተርና ሽሪምፕም ለመዝናኛ አጥማጅ አይፈቀዱም።

ጤናና መሬት

ከከራሚዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ጤና ዋና ጉዳይ ነው። የአሜሪካ አረጋውያን የሚጠቀሙበት ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። የካናዳ ክፍለ ሀገራትም ከአገር የሚርቁበትን ጊዜ ይገድባሉ፤ ለምሳሌ የኦንታሪዮ ነዋሪ ሽፋኑን እንዳያጣ በ12 ወር ውስጥ ከ212 ቀን በላይ ከክፍለ ሀገሩ ውጭ መቆየት የለበትም። ስለዚህ የጉዞ የጤና መድን ይገዛል፤ ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም በአውሮፕላን የሚያነሳ ሽፋንም ይጨመርበታል። ለጥርስና ለመነጽር ግን ብዙዎች የሜክሲኮን ሐኪም ይመርጣሉ። ከአሪዞናዋ ዩማ ማዶ ያለችው ሎስ አልጎዶኔስ የምትታወቀው በጥርስ ሐኪሞቿ ብዛት ነው።

በሜክሲኮ ሕግ ዳርቻው የሕዝብ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ወደ የብስ 20 ሜትር ድረስ ያለው መሬት የፌዴራል መንግሥት ነው። የ1917ቱ ሕገ መንግሥት 27ኛ አንቀጽ የውጭ ዜጋ ከባሕር ዳርቻ 50፣ ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ መሬት በቀጥታ በባለቤትነት እንዳይዝ ይከለክላል፤ መያዝ የሚፈልግ በባንክ አደራ በኩል ያደርጋል። ከዳርቻዎቹ ብዙዎቹ ኤሂዶ በሚባሉት የገበሬዎች የጋራ ይዞታዎች አጠገብ ወይም ውስጥ ይገኛሉ፤ የማቆሚያውን ገንዘብ የሚሰበስቡትም አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ቤተሰቦች ናቸው።

ይህን ሕግ ችላ ያሉ ሰዎች ዋጋ ከፍለዋል። በኤንሴናዳ አጠገብ ፑንታ ባንዳ ላይ የነበሩ አሜሪካውያን ከኤሂዶ በተከራዩት መሬት ላይ ቋሚ ቤት ሠርተው ነበር። የመሬቱ ባለቤት ሌላ ነው ብሎ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለፈረደ በ2000 ቤታቸውን ለቅቀው እንዲወጡ ተደረገ። የአርቪ ከራሚ በአንጻሩ የያዘው ቦታ የሰው መሆኑን አውቆ ይኖራል። ኪራዩን ለባለቦታው ይከፍላል፣ እቃውን ከአካባቢው ነጋዴ ይገዛል፣ ጥቂት ስፓኒሽ ይማራል፤ ሂድ ከተባለም ቤቱን አስነስቶ ይሄዳል።

ወቅቱ ሲያልቅ

መጋቢት ሲያልቅ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ነፍሳቱም ይበዛሉ። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ የምሥራቅ ሰላማዊ ውቅያኖስ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በ2014 መስከረም ኦዲል የተባለው አውሎ ነፋስ በካቦ ሳን ሉካስ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ሙሌሄም በ2006 ጆን፣ በ2009 ደግሞ ሂሜና በተባሉት አውሎ ነፋሶች በጎርፍ ተመትታለች። ስለዚህ ከራሚው ከሙቀቱና ከማዕበሉ በፊት ይነሳል። ከመነሳቱ በፊት የተበደረውን ይመልሳል፣ ፍሳሹን በተገቢው ቦታ ይደፋል፣ ጨው የበላውን ብረት በንጹህ ውሃ ያጥባል፣ የቆመበትንም ቦታ አጽድቶ ይተዋል። በቀጣዩ ኅዳር በዚያው ቦታ እንዲቀበሉት የሚያደርገው ይህ ነው።